ሸሚዟ ንፁህ ሆኖ የመጣ ቀን

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የማየው ፊቷን አይደለም። ኮሌታዋን ነው። ደስ የሚል ልማድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ቅዳሜም ሥራ ትገባለች። ሰፈራችን ውስጥ ውሃ የምትመጣው በፈረቃ ነው። አዳማ የኖረ ሰው የበጋ አቧራ ነጭ ሸሚዝ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ላልኖረ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በረኪናም ይሸነፋል።

ያን ሰኞ በሩን ከፍታ ስትገባ እንደ ልማዴ ኮሌታዋን አየሁ። ነጭ ነው። እጅጌዋን አየሁ፣ ጀርባዋን አዞርኳት። ጠዋት እንደተኮስኩት ነው ያለው። «ጎበዝ የኔ ልጅ!» አልኳት። ሚጣ (ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት) ቦርሳዋን አስቀመጠችና ምንም ሳትል እጇን ልትታጠብ ሄደች።

እራት ላይ «ዛሬስ ምን ተፈጠረ?» አልኳት። የሁልጊዜ ጥያቄያችን ነው።

«ምንም።»

ማክሰኞ ሸሚዙ ንፁህ ነበር፤ መልሱም «ምንም» ነበር። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ ማታ ባለቤቴ «ልጅቷ አሟታል እንዴ?» አለችኝ። ግንባሯን ዳሰስኩ። ትኩሳት የላትም። ምግብ በልታለች። የቤት ሥራዋን ሠርታለች። ዝም ያለች፣ ንፁህ ልጅ ሆናለች። ስብሰባ ላይ ቆሜ የጠየቅኩት እንዲህ ያለች ልጅ አልነበረም?

አፍ ሲያመልጥ

አዎ፣ ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥቂት ቀደም ብሎ የወላጆች ስብሰባ ነበር። እንዲህ ያለውን ስብሰባ ታውቁታላችሁ። ክፍያ ይነሳል፣ የመጽሐፍ እጥረት ይነሳል፣ ሰርቪስ ይነሳል፣ ሁሉም «እንመለከተዋለን» ይባላል። መጨረሻ ላይ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ሲባል እጄን አወጣሁ።

«ልጆቻችን ከእረፍት የሚመለሱት አፈር ለብሰው ነው» አልኩ። «እኛ የላክናቸው ሊማሩ ነው ወይስ አፈር ሊያቦኩ?»

ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ ከተሳቀልኝ ማቆም አልችልም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» ብዬ ጨመርኩበት። ተጨበጨበልኝ። አንድ አባት የልጁን የተሰበረ ጥርስ አነሳ። አንዲት እናት የልጇን አስም አነሳች። የእሷ የምር ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሌሎቻችን ግን ስለ ሸሚዝ ነበር የምናወራው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሁለተኛውን እውነትነት መስታወት ፊት ካረጋገጥኩ ቆይቻለሁ። የመጀመሪያውን ያወቅኩት ያን ሳምንት ነው።

ትምህርት ቤቱ ሰማን። ለዓመታት ስንጠይቅ እንዲህ በፍጥነት ሰምቶን አያውቅም። የአቧራው ወቅት እስኪያልፍ ድረስ ተማሪዎች እረፍታቸውን በረንዳ ላይ እንዲያሳልፉ ተወሰነ። ሜዳው ተዘጋ። የሰርቪሱን ጉዳይ እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው።

ወሬ ከየት ይመጣል?

ዓርብ ማታ እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ፣ ሚጣ ድሮ ማለትም ከሁለት ሳምንት በፊት እራት ላይ የምታወራልንን አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርኩ።

የሱዚያቸው ላስቲክ ተበጥሶ ከአንዷ ልጅ ቀሚስ ወገብ በወጣ ላስቲክ የተቀጠለበት ቀን ነበር። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቀሚሷን በእጇ ይዛ ነው የዋለችው። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ «መስመር ረግጠሻል፣ አልረገጥኩም» ተባብለው ሦስት ቀን የተኳረፉ ጓደኛሞች ነበሩ። ያስታረቃቸው ሽማግሌ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው። ከአሰላ የመጣች አዲስ ተማሪ ነበረች። አማርኛ ገና አልለመደችም። ድብብቆሽ ላይ ግን ቋንቋ አያስፈልግም፤ ተደብቃ ማንም ስላላገኛት ደወል ተደውሎ ሁሉም ክፍል ሲገባ እሷ ግራሩ ጀርባ ቀረች። «ኮቱ! ኮቱ!» እያሉ በኦሮምኛ ሲጠሯት ነው የወጣችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚጣ ኦሮምኛዋ ከእኔ ይሻላል።

የቆርኪው ባንክም ነበር። ይሄንን መቼም አልረሳውም። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ የለስላሳ ቆርኪ ይሰበስብና ያበድራል። መጀመሪያ አንድ የቢራ ቆርኪ በሁለት የለስላሳ ቆርኪ ይመነዘር ነበር። የሆነ ልጅ ከአጎቱ ግሮሰሪ አንድ ፌስታል ሙሉ የቢራ ቆርኪ ይዞ መጣና ገበያው ተናጋ። ሚጣ እራት ላይ በጣም ተናዳ «አባ፣ የቢራ ቆርኪ እኮ ረከሰ!» ስትለኝ ሽሮው ትን አለኝ። የዋጋ ንረትን እንዲህ በአጭሩ ያስረዳኝ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የታየኝ። ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንዱም ከክፍል ውስጥ አልመጣም። የሒሳብ አስተማሪዋን ስም እንኳ ያወቅኩት ከሪፖርት ካርዷ ነው። የልጄ ቀን ስምንት ሰዓት ነው ብዬ አስብ ነበር። ለእሷ ግን ቀኑ ማለት የእረፍት ደወል ተደውሎ የመግቢያው እስኪደወል ያለችው ጊዜ ናት። ጓደኛ የምታገኘው፣ የምትጣላው፣ የምትከስረው እዚያ ነው። ሌላው ሰዓት መጠበቂያ ነው። እኔ ያንን ቁርጥራጭ ጊዜ ወስጄባት «ዛሬስ ምን ተፈጠረ?» እላታለሁ። ምን ይፈጠራል?

የሚያናድደው ራሴም እንዲሁ ነበርኩ። እናቴ እስከ ዛሬ ናዝሬት በምትላት በዚህችው ከተማ ነው የተማርኩት። የትምህርት ቤታችን ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመታው የሚወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ጠይቁኝ፣ ባዶ ነኝ። የካልሲ ኳሳችን ከስንት ካልሲ እንደተሠራ ጠይቁኝ። አራት፤ አንዱ የአባቴ ነው፣ ለእሱም ተገርፌያለሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍያ ልከፍል ሄድኩ። የምሳ እረፍት ላይ ነው የደረስኩት። ዘበኛው ገና በሩን ሲከፍትልኝ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ጫጫታው የለም። ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ከውጪ ሲሰማ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማንም ምን እንደሚል አይለይም፤ ከአጥሩ በላይ የሚፈስ አንድ ትልቅ ድምፅ ነው። ያ የለም። የመንገዱ ባጃጅ ብቻ ነው የሚሰማው።

ልጆቹ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲህ ሜዳው ነው፤ ባዶ፣ ፀሐይ የበላው፣ መሀሉ ላይ አንድ ግራር። ከገመዱ ወዲያ ነጭ ሸሚዝ ብቻ። አንዳንዱ ብስኩት ይበላል። አንዳንዱ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ሁለት ልጆች ገመዱን በጣታቸው እየነካኩ ያወዛውዙታል። ሚጣን ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም። ሁሉም ይመሳሰላሉ። ባንክ ቤት ተራ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

ከዚያ ነፋሱ መጣ።

በበጋ አዳማ ውስጥ ቀትር አካባቢ የሚነሳውን ማለቴ ነው። ደመና የለም፣ ማዕበል የለም። መሬቱ ፀሐይ ሲበዛበት ከላዩ ያለው አየር ይግላል፣ ሽቅብ ይነሳል፣ ሲነሳ መዞር ይጀምራል። ያነሳው አቧራ ነው ቅርጽ የሚሰጠው። ይሄንን ያወቅኩት ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው። አያቴ ያስተማረችኝ ሌላ ነበር። ሰይጣን ነው የሚዞረው፣ ዞር በልና አማትብ ነው ያለችኝ። ያን ቀንም ያደረግኩት እሱኑ ነው። የሜዳው ጥግ ላይ ደረቅ ቅጠል መሽከርከር ሲጀምር ዞር አልኩ። የክፍያ ደረሰኙን ፊቴ ላይ ጋረድኩ። ዘበኛው ባርኔጣውን ወደ ታች ሳበ። አንዲት አስተማሪ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አዋቂ የተባልን ሁሉ በአንድ አፍታ ጀርባችንን ሰጠን።

ቀና ስል ገመዱ ስር አንድ ልጅ አለፈ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። «ኮቱ! ነይ! ፌስታል! ፌስታል ያለው!» ይላሉ። የበረንዳው ሕዝብ ሁሉ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። እኛ የሸሸነውን ነገር እያሳደዱት ነው። አውሎው ከግራሩ ጎን ቆሞ ይዞራል፤ ቁመቱ ከሕንፃው ይበልጣል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይገቡበታል፤ በዚያ በኩል ቡናማ ሆነው ይወጣሉ። አሁን ሚጣን አየኋት። ከፊት ከፊት አልነበረችም፤ የኔ ልጅ እንደ አባቷ ትንሽ ጠርጣራ ናት። ሰባተኛ ወይ ስምንተኛ ላይ ነበረች። የምሳ ዕቃዋ የሚቋጠርበትን ሰማያዊ ፌስታል ይዛለች። መሀሉ ስትደርስ ለቀቀችው።

ፌስታሉ ተነሳ። ሌሎችም ተነሱ፤ ቢጫ፣ ጥቁር፣ አንድ የዳቦ ላስቲክ። እየዞሩ ከግራሩ በላይ ሆኑ። ከጣሪያው በላይ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ልጆቹ ዝም አሉ። ያ ሁሉ ልጅ፣ አቧራ የለበሰ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ ሳያወጣ አንድ ነገር ያያል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ፀጥታ በስንት ልመና ነው የሚገኘው። ምናልባት አምስት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ከዚያ አውሎው አጥሩ ጋ ሲደርስ ፈረሰ፣ ፌስታሎቹ ወደ ውጪ ሄዱ፣ ጩኸቱም እንደ ጎርፍ ተመልሶ መጣ።

ዩኒት ሊደሯ ፊሽካዋን አንጠልጥላ እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። ወደ ልጆቹ አይደለም፣ ወደ እኔ። ስብሰባው ላይ ነበረች። ታውቀኛለች። «ይኸው አባቷ፣ በዓይንዎ አዩት» አለችኝ። «እኛ የቻልነውን እያደረግን ነው። ይቅርታ።»

እስካሁን የሚከነክነኝ ያ «ይቅርታ» ነው። ልጆች ስለተጫወቱ ይቅርታ የምጠየቀው እኔ ሆንኩ። ፊሽካዋን ወደ አፏ አስጠጋች። በሚቀጥለው ሴኮንድ ምን መባል እንደነበረበት አሁን ቁጭ ብዬ ስጽፍ በደንብ አውቀዋለሁ። «ተሳስቼ ነው» ማለት ነበረብኝ። ቆንጆ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። አልወጣኝም። ያልኩት ይሄን ነው።

«ደወሉ ስንት ደቂቃ ይቀረዋል?»

«ስምንት።»

«እንግዲህ አሁንማ ቆሽሸው የለ» አልኳት።

አየችኝ። ሜዳውን አየች። ፊሽካዋን ለቀቀችው፤ ደረቷ ላይ ተንጠለጠለ። የሳቀች መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ፈሪ ሰው የሚናገራት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ስምንት ደቂቃ ግን ገዛች።

በዚህ መሀል ሚጣ አየችኝ። እግሯ ቆመ። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ተሰበሰበ። እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች፤ የያዘችው ነገር ባይኖርም። ሸሚዟን ወደ ታች ዐይታ መልሳ እኔን አየች። ጨዋታ አዋቂ ሲያየው ይሞታል፤ ለካ ገዳዩ ሜዳው ላይ ቆሞ ነበር። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ብስቅላት ልትመጣ ነው። እጄን ባወዛውዝላት ጓደኞቿ ሊያዩኝ ነው። ደረሰኜን አወጣሁና በጣም የሚነበብ ነገር እንዳለው ሁሉ እያነበብኩ ዞር አልኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁት፤ «የኔ ነው የራቀው! የኔ ወንጂ ሄዷል!»

ማማዎቹ

ያን ቀን ማታ ባለቤቴ ሸሚዙን አንስታ አየችው፣ እኔንም አየችኝ። ምንም አልተናገርኩም። መናገርም አይቻልም ነበር፤ ሚጣ አላቆመችም። ፌስታል በማንጠልጠያው አይያዝም፣ ከታች ነው የሚያዘው። ግራሩ ላይ ከቀረ አይቆጠርም። ጣሪያ ካለፈ አንድ ነጥብ ነው። አጥር ካለፈ «ወንጂ ሄደ» ይባላል፣ ባለቤቱም የነገውን ጨዋታ ይመርጣል። ይሄ ሁሉ ሕግ መቼ ወጣ? ማን አወጣው? ማንም አላወጣውም አለችኝ፤ «እንዲህ ነው እንጂ» አለች።

ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበራት። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት ረጃጅም ነጭ ማማዎች ነፋሱን የሚልኩት ለምንድን ነው? ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ትልልቅ ማራገቢያ ይመስሏት ነበር። ተቃራኒው ነው አልኳት፤ ነፋሱ ነው የሚያሽከረክራቸው። እዚህ ነፋስ ስለማይጠፋ ነው የተተከሉት። ከነፋስ መብራት ያወጣሉ።

«መብራትማ ይጠፋል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ግን አንድ ሐሳብ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ያንኑ ነፋስ አገር ሙሉ ሀብት ነው ብሎ ማማ ተክሎበታል። ልጆቹ በአንድ ፌስታል ተጠቅመውበታል። የእኔ ድርሻ በረኪና ሆኖ አረፈው።

ዓይን አጀንዳ ይሆናል

በቀጣዩ ስብሰባ እጄን ያወጣሁት የመጀመሪያው ሰው ሆኜ ነው። ተዘጋጅቼ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ዕረፍትና ጨዋታ የልጅ መብት ነው ይላል አልኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን በደንብ ማንቀሳቀስ አለበት ይላል አልኩ። ፊንላንዶች ከ45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ 15 ደቂቃ ያስወጣሉ አልኩ። ሰው ስልኩን ያያል። ስለዚህ ወረቀቴን አጥፌ ስለ አውሎው መናገር ጀመርኩ። ፌስታሎቹ፣ ፀጥታው። መሀል ላይ ስደርስ ድምፄ ተንቀጠቀጠና ነገሩ ሞኝ ነገር መሰለ። «ያው... ደስ ብሏቸው ነበር» ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም አላጨበጨበም።

ያዳነኝ ከኋላ የተቀመጠ፣ ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ አባት ነው። የዓይን ሕክምና ባለሙያ ነው። ታይዋን ውስጥ የልጆች የሩቅ ዕይታ ችግር ለዓመታት ሲባባስ ቆየ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ትምህርት ቤቶቹ ልጆችን በቀን 120 ደቂቃ ውጪ ማዋል እንዲጀምሩ ተደረገ፤ ሲጨምር የነበረው ቁጥር ከዚያ በኋላ መውረድ ጀመረ። የውጪ ብርሃን ከክፍል ብርሃን ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ የሚያድግ ዓይን ደግሞ እሱን ይፈልጋል። በረንዳ ላይ ያለ ጥላ አይተካውም። ይሄንኑ ብሎ ተቀመጠ።

አዳራሹ ዝም አለ። እናቶች የልጆቻቸውን መነጽር አሰቡ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሜዳው ተከፈተ። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቅር አለኝ። ዓይን አጀንዳ ይሆናል፣ ጥርስ አጀንዳ ይሆናል፣ ሸሚዝ እንኳ አጀንዳ ሆኖ አይተናል። ደስታ ብቻውን ግን ቃለ ጉባኤ ላይ የሚጻፍበት መስመር የለውም።

የአስሙ ነገር አልተፈታም። እናትየው አሁንም ትፈራለች፤ ልክም ናት። ከምሳ በፊት ሜዳው በእጅ መታጠቢያ ውሃ እንዲረጭ ተስማማን። ውሃ ስትኖር ይረጫል። ነፋስ በበዛበት ቀን ልጇ ቤተ መጻሕፍት ይቆያል። ብቻውን እንዳይሆን ተራ የገቡ ጓደኞች አሉት አሉ። እሱ ግን በመስኮት በኩል ነው የሚያየው። ለዚህ ልጅ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። እኔ ስብሰባ ላይ ስቀልድ ከጎኔ ተቀምጣ የነበረችው የእሱ እናት ናት።

ገመዱ ደግሞ ጠፍቷል። ሴቶቹ ልጆች እየዘለሉበት እንደሆነ ሚጣ ነግራኛለች፤ ለዩኒት ሊደሯ እንዳልነግር አስምላኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ውሃ መጣችና ሳፋውን ሞላሁ። ሸሚዞቹን ስነክር ውሃው ወዲያው ሻይ በወተት መሰለ። የአንዱን ኪስ ስፈትሽ እጄ ላይ የሆነ ለስላሳ ነገር መጣ። በጥንቃቄ አራት ጊዜ የተጣጠፈ ቢጫ ፌስታል ነው። ሚጣ በር ላይ ቆማ ነበር።

«አባ፣ እንዳትጥለው» አለችኝ። «እሱ ቀላል ነው። ሰኞ ነፋስ ይኖራል?»

ሰማዩን አየሁ። እጄን አራገፍኩና ፌስታሉን ገመዱ ላይ፣ ከሸሚዙ አጠገብ፣ በሁለት መቆንጠጫ ሰቀልኩት።